እንግዳ አይፈርምም

መስከረም 14

ለተወደድሽው የልጅ ልጄ፣ ለቆርኪዬ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ጉልበትሽ የበረታ፣ ሳቅሽም እንደ ድሮው ጎረቤት የሚያስቆጣ ይሁን። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አያትሽን ጉልበቷ ያማታል፣ እኔን እሷ ታመኛለች፤ ከዚህ ሌላ ሕመም የለብንም።

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። ሰኔ ሠላሳ ቀን ኬክ ቆርሰው፣ የግድግዳ ሰዓት ሸልመው፣ አጨብጭበው ሸኙኝ። ሰዓቱ ነው የሚገርመኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምርና የትምህርት ቤቱን ክፍለ ጊዜ ስደለድል የኖርኩ ሰው አሁን ቤቴ ተቀምጬ ጊዜ ልቁጠር? አያትሽ ሳሎን ሰቅላዋለች። ከወንበሬ ብድግ ባልኩ ቁጥር ቀና ብላ አይታው፣ “ገና አራተኛ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ተቀመጥ” ትለኛለች።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ትምህርት ተከፈተና ጉድ ፈላ። የድልድል ሰሌዳዬን ታስታውሺዋለሽ፤ ዐሥራ ስምንት ክፍል፣ በሳምንት ሠላሳ አምስት ክፍለ ጊዜ፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ምስማር። በየምስማሩ አንድ የጠርሙስ ቆርኪ ይንጠለጠላል፤ ቀለሙ የማን መምህር እንደሆነ ይነግርሻል። በልጅነትሽ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጠሽ በየቀለማቸው ስትለዪልኝ ነው ስምሽም የወጣልሽ። ተገልብጦ የተሰቀለ ቆርኪ ካየሽ ያ መምህር ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አይመደብም፤ ጠርዙ የተጨፈለቀ ከሆነ ደግሞ ፎቅ አይወጣም። ምክንያቱን እኔ አውቃለሁ። የፊዚክሱ መምህር ሚስቱ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ልጆቹን አድርሶ ነው የሚመጣው። የታሪክ መምህርቷ ልቧን ያማታል፤ ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። እንዲህ ያለውን ነገር ወረቀት ላይ አላሰፍርም። ስለዚህ ሁሉም እዚህ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያለው።

የኮምፒውተር መምህሩ ሰኔ ላይ ሰሌዳዬን አይቶ፣ “ጋሼ፣ ይሄን ቆርቆሮ ሰብሳቢ ነው ረስቶት የሄደው?” ብሎኝ ነበር። ዘንድሮ እሱ በማሽን ደለደለው። ሰኞ ጠዋት ሰባተኛ “ለ” በር ላይ ሦስት መምህራን ተገናኝተው “ግቢ”፣ “ኧረ አንተ ቅደም” ሲባባሉ፣ ስምንተኛ “ሐ” ማንም ሳይገባላቸው የሰሌዳ መጥረጊያውን ኳስ አድርገው ዋሉ። የታሪክ መምህርቷን አምስቱንም ቀን ሦስተኛ ፎቅ ሰቀሏት።

ዳይሬክተሩ ቤት ድረስ መጣ። ያ ተማሪዬ ሳለ የቤት ሥራ ባልሠራ ቁጥር አዲስ ምክንያት እየፈጠረ “ሰበብ” ያልነው ልጅ ነው፤ ዛሬ ከረባት ያሰረ ሰበብ ሆኗል።

“ጋሼ፣ ይድረሱልኝ” አለ ገና ሳይቀመጥ።

አያትሽ ቀደመችኝ። “ወረቀቱን መነጽር አድርጌ አንብቤዋለሁ። ጡረተኛ ስድስት ወር ሳይሞላው መንግሥት ትምህርት ቤት ተመልሶ ከሠራ አበሉ ይቋረጣል ይላል። እኛ ደግሞ የምንበላው እሱኑ ነው።”

“ኧረ እማማ፣ ሥራ ማን አለ? እንደ እንግዳ ብቅ ይበሉ ነው የምለው። ስድስት ወሩ ሲሞላ በሕጉ መሠረት በኮንትራት እንቀጥራቸዋለን።”

እኔማ ይህን ሲባባሉ ጫማዬን አስሬ ጨርሼ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ እንግዳ ሆኛለሁ። ሳንቲም አይከፈለኝም፤ ሰሌዳዬ ግን ተመልሳ ግድግዳው ላይ ወጥታለች። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ዘንድሮ አንድ መምህር ተጨምሯል፣ ቀለም ደግሞ አለቀብኝ። እኛ ጋ የሌለ ቀለም ያለው ቆርኪ እዚያ ካገኘሽ ላኪልኝ። ገንዘብ አልጠየቅኩሽም፣ ጫማ አልጠየቅኩሽም፤ ቆሻሻ ነው የጠየቅኩሽ። እንዲህ ያለ አያት ከየት ይገኛል?

አያትሽ፣ ከነፊርማዬ


ጥቅምት 9

ለተከበሩት አያቴ፣ ለአባባ፤

እንደምን ከረማችሁ? ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ፤ የእማማን ጉልበት ያበርታልኝ፣ የእርስዎን ምላስ ደግሞ ትንሽ ያሳርፍልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ፣ የአንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ከምድር በታች ነው፤ መስኮት የለውም። ቀኑን የማውቀው በአንሶላው ብዛት ነው፤ ክምሩ ጣሪያ ከነካ ሰኞ ነው ማለት ነው። እኔና አንዲት ጓደኛዬ አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘን ትልቁ የካውያ ማሽን ውስጥ እናስገባለን፤ በወዲያ በኩል ትኩስና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። አእምሮዬ እንዳይዝግ በብዜት እቆጥራቸዋለሁ። “ሰባት፣ ዐሥራ አራት፣ ሃያ አንድ” ስል ጓደኛዬ የምጸልይ ይመስላትና ዝም ትልልኛለች።

ቆርኪዎን የሆቴሉ መጠጥ አስተናጋጅ አጠራቀመልኝ፤ ዐሥራ ሁለት ናቸው። ወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ እኛ ጋ አይቼ አላውቅም። ለእማማም ትንሽ ብር አብሬ ልኬአለሁ፤ ለራሷ ይስጧት።

አባባ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሒሳብ ዲግሪዬን ይዤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ፣ ክፍት ቦታ ጠፍቶ እንደሄድኩ ያውቃሉ። እነሆ አራት ዓመት ሆነኝ። የሥራ ውሌ የካቲት መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ አለቃዬ ለሌላ ሦስት ዓመት ፈርሚ ትለኛለች። ካልፈረምኩ በማግስቱ ሌላ ሰው ትተካለች። አገሬ መግባት እፈልጋለሁ። ግን እንደገና ሰሌዳ ሥር ለመቆም ከሆነ አልችልም፤ እንጀራዬን ጥዬ መጥቼ እናንተ ላይ ሸክም መሆን አልፈልግም።

እርስዎ የለቀቁት የሒሳብ መምህር ቦታ ክፍት ነው? ወይስ ሰው ተቀጥሮበታል? አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

የልጅ ልጅዎ


ኅዳር 3

ለቆርኪዬ፤

ሰላምታዬ ከቆርኪዎቹ ብዛት ይብለጥ። ፈጣሪ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አለቃና ከክፉ ጽሕፈት ይሰውርሽ። የመጨረሻውን የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የፖስታው ላይ አድራሻ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። በአራት ዓመት እንዲህ ከተበላሸ በሰባተኛው ዓመት በሥዕል ልትጽፊልኝ ነው።

ቆርኪዎቹ ግን! ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸውና መምህራኑ ሁሉ ከበቡኝ። የታሪክ መምህርቷ “ጋሼ፣ እሱን ለእኔ ያድርጉልኝ” ብላ ተማጸነች። አልሰጠኋትም። ለአዲሱም መምህር ያረጀ አረንጓዴ ሰጠሁት። ቀለሙ አሳሳኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት።

የእኔ ነገር በር ላይ ይጀምራል። ዘበኛው የመምህራኑን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። ስሜን ከመዝገቡ የሰረዘ ሰው የለም፤ እንደ ድሮው ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ነኝ። ከበሩ እንደገባሁ እጄ ራሱ ብዕር ያነሣል።

“ጋሼ፣ እንግዳ አይፈርምም እኮ” ይለኛል ዘበኛው።

“ለእጄ ንገረው” እለዋለሁ፤ በዚያ መሐል ፈርሜ ጨርሻለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያደረገውን ነገር በሦስት ወር ተው ብትይው ይሰማሻል?

ማክሰኞ ዕለት ከጡረታ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው መዝገቡን ሲያገላብጡ ዋሉ። ምን እንደፈለጉ አልጠየቅኩም። አንደኛው ፊርማዬን በጣቱ እየነካ፣ “ያምራል” አለ፤ በደብተሩም ላይ ጻፈው። ሰው ሲያደንቅሽ ደስ ይላል።

ስለጠየቅሽኝ ጉዳይ አጣራለሁ። ሰበብን ሰሞኑን በደንብ አላገኘሁትም፤ ስብሰባ ይበዛበታል። ብር አትላኪ፤ አያትሽ ከእኔ ትደብቀዋለች፣ ከዚያ የደበቀችበትን ትረሳና ሁለታችንም ፍራሽ ስንገለብጥ እንውላለን።

አያትሽ፣ ከነፊርማዬ


ኅዳር 29

ለአባባ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ፤ ቤታችሁን በረከት ይሙላው። እማማንም ይሳሙልኝ።

ጽሕፈቴ የተበላሸው የቀኝ እጄን የካውያው ማሽን ስላቃጠለኝ ነው። እንዳላሳስባችሁ ብዬ ነበር የተውኩት። ያለፈውን ደብዳቤ የጻፍኩት ከመቃጠሌ በፊት ነው፣ ፖስታውን ግን በግራ እጄ ጻፍኩ። አሁን ጣቶቼ ይታጠፋሉ፤ ደህና ነኝ። ይህንንም በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፤ ቢስቁበትም ቅር አይለኝም።

አባባ፣ እንዲያጣሩልኝ የጠየቅኩት ነገር ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ኅዳር 20 ቀን የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ስልክ ላይ ደወልኩ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ሰው ልኮ ሁለታችሁንም አስጠራችሁ። ገና “ቦታው” ስል “አይሰማም! አይሰማም!” ብለው ለእማማ ሰጧት። እኔ ግን የባለ መድኃኒት ቤቱ ሳል ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። ከኋላ ሆነው “ደህና ነን በያት” ሲሉም ሰምቻለሁ።

እርስዎ ቀልድ ሲያበዙ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ ይፈራል። ድመቴ የሞተችም ቀን እንዲህ ቀልደው ነበር። እባክዎ፣ የለም ከሆነ የለም ይበሉኝ። ቁርጤን ካወቅኩ እፈርማለሁ፤ ማሽኑንም እለምደዋለሁ። አስጨንቆ የሚገለኝ ይሄ ዝምታ ነው።

የልጅ ልጅዎ


ታኅሣሥ 28

ለቆርኪዬ፤

እጅሽን ፈጣሪ ይፈውስልሽ፤ በአንደበቴ የበደልኩሽንም ከልብሽ ያውጣልሽ። ስለ ዶሮዋ የጻፍኩትን መልሼ መዋጥ ቢቻል በውሃ እውጠው ነበር። ዘይት ነገር ትቀቢያለሽ? ሐኪም አይቶታል? አለቃሽስ ለዚህ የምትሰጥሽ ፈቃድ የለም?

መልስ የዘገየው የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ደርሶ ነው። የፈተና ድልድል ደግሞ ሌላ ሰሌዳ፣ ሌላ ራስ ምታት ነው። የኮምፒውተር መምህሩ አሁን አጠገቤ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። “ጋሼ፣ ይሄ ለምን ተገለበጠ?” ይለኛል። “ስለተገለበጠ” እለዋለሁ። እንዴት ሁሉን በአንድ ቀን ላሳየው? ያሳየሁት ቀን እኔን ማን ይፈልገኛል?

ስለ ቦታው፣ ዘንድሮ ማስታወቂያ የሚወጣ አይመስለኝም። አንቺ ግን ተስፋ አትቁረጪ፤ የዛሬ ዓመት፣ ቢበዛ የዛሬ ሁለት ዓመት ይሆናል።

ደግሞ ላስቸግርሽ ነው። ብር አትላኪ ያልኩሽን እርሺው። የአያትሽ ጉልበት ስለባሰባት ለሐኪም የሚሆን ትንሽ ነገር ብትልኪ ጥሩ ነው። ሲሞላልኝ እመልስልሻለሁ። እየሣቅሽ አንብቢው፤ እኔም እየሣቅኩ ነው የምጽፈው።

አያትሽ፣ ከነፊርማዬ

*ልጄ፣ ፖስታ የማሽገው እኔ ስለሆንኩ ከታች ይህችን ልጨምር። ጉልበቴ ምንም አልሆነም። የዚህ ወር አበል አልመጣም፤ መዝገብ ላይ ሲፈርም ስለተገኘ አቋርጠውበታል። ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ በዚያው በሒሳብ መምህርነቱ ቦታ በኮንትራት ሊቀጥሩት ወረቀት አስፈርመውታል። ወረቀቱ “ለቦታው ብቁ የሆነ ሌላ ሰው አላውቅም” ይላል። ሲፈርም ያንቺ ደብዳቤ የኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ቦታውን ለራሱ እንደሚፈልገው በስልክ ያልነገርኩሽ አጠገቤ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ነው። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ፈርቶ ነው። አያትሽ፣ እማማ።*


ጥር 16

ለአባባ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ብሩን ልኬአለሁ፤ መመለስ የለበትም።

ከእርስዎ ጽሕፈት በታች ሌላ ጽሕፈት አነበብኩ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እውነት ነው?

የካቲት ሠላሳ ቀን ጠዋት አለቃዬ ውሉን ጠረጴዛዋ ላይ ታስቀምጠዋለች። እስከዚያ መልስ ካልደረሰኝ እፈርማለሁ።

የልጅ ልጅዎ


የካቲት 1

ለልጄ፤

ዛሬ መራቂ ልሆን አልደፍርም፤ አንቺ መርቂኝ።

እውነት ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሰበብ አይደለም፣ ሰበብ የዳይሬክተሩ ስም ነው። ታኅሣሥ ሃያ ቀን ጠዋት በሩ ላይ መዝገቡን ፈርሜ ዞር ስል ዳይሬክተሩ አራት ወረቀት ይዞ ቆሟል። “ጋሼ፣ የኮንትራቱ ጉዳይ ነው፤ እዚህና እዚህ” አለኝ። የዘበኛው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አራቱንም ፈረምኩ። ሦስተኛውን ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ጡረተኛ የሚቀጠረው ለቦታው ሌላ ብቁ ሰው ካልተገኘ ብቻ ነው ይላል ደንቡ፤ ወረቀቱም የክፍሉ አንጋፋ መምህር “አላውቅም” ብሎ እንዲያረጋግጥ ነበር። አንጋፋው እኔ፣ የምቀጠረውም እኔ። ያንቺ ደብዳቤ እዚህ ነበር፣ ግራ ኪሴ ውስጥ። በወረቀቱ ጠርዝ ደረቴን ሲወጋኝ ይታወቀኝ ነበር።

እዚያው “ቆይ” ማለት እችል ነበር። ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። አራቱንም አጣጥፌ ሰጠሁት።

ለምን ብትዪ፣ ቤት ያለው ሰዓት አስፈራኝ። ጠዋት ተነሥቼ የትም የማልሄድ ሰው መሆን አስፈራኝ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ በጭንቅላቴ የያዝኩት የሰውን ምስጢር ለመጠበቅ ነው ስል ኖርኩ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ያለ እኔ እንዳይሆንላቸው ነበር። ከዚያ አበሉ ሲቋረጥ “በቃ፣ አሁንማ ለቤቴ ስል ነው” የምለው ጥሩ ምክንያት አገኘሁ። በመስከረም የሣቅኩበት ሰበብ እኔው ሆኜ ተገኘሁልሽ።

ደብዳቤሽ ትናንት ከሰዓት ደረሰኝ። ዛሬ ጠዋት በቀጥታ ቢሮው ገባሁ። በሩ ላይ አልፈረምኩም፤ ዘበኛው ደንግጦ “አመመዎት እንዴ?” አለኝ።

“ሦስተኛውን ወረቀት መልስልኝ” አልኩት ዳይሬክተሩን።

“ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ነው ሥራ የሚጀምሩት!”

“ሌላ ሰው አለ። ሳውቅ ነው አላውቅም ያልኩት።”

“ማን?”

“አመልካች። ስሟን እኔ አልነግርህም፤ ማስታወቂያ ስታወጣ ራሷ ትነግርሃለች።”

ሰበብ ቢሆንም ልጁ ክፉ አይደለም። “አበልዎ ተቋርጧል” አለ ቀስ ብሎ። “ደመወዙንም ከተዉት በምን ይኖራሉ?”

“ሰዓት አለኝ፤ እሸጠዋለሁ” አልኩት። አልሣቀም።

አሁን እውነቱን ስሚ። ቦታው ማስታወቂያ ይወጣበታል። ማመልከቻ እስከ መጋቢት 10 ነው፤ ፈተናው መጋቢት 12 ጠዋት፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ። የሚያወጡትና የሚያርሙት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ዘመድ ነኝና በአጠገቡ አላልፍም። ስንት ሰው እንደሚመጣ አላውቅም፤ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ሥር የቆመው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ታልፊያለሽ ብዬ አልዋሽሽም።

ስለዚህ “አትፈርሚ” ልልሽ አልችልም። “ፈርሚ” ልልሽም አልችልም። ያንቺ እጅ ነው። የእኔ እጅ የፈረመው ይበቃል።

ልትመጪ ከሆነ የዲግሪሽን ቅጂ ቀድመሽ ላኪ። ሌላ ምንም አትላኪ።

አያትሽ


የካቲት 19

ለአባባና ለእማማ፤

ፈጣሪ ሁለታችሁንም እስክመጣ ያቆይልኝ።

ደብዳቤው ትናንት ደረሰኝ። ሦስቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ሁለተኛ አለቀስኩ፤ ሦስተኛ “ሰዓት አለኝ፤ እሸጠዋለሁ” የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሣቅኩ። ጓደኛዬ ጸሎቴ የተሰማ መስሏት እሷም ደስ አላት።

ለአለቃዬ እንደማልፈርም ነገርኳት። “እርግጠኛ ነሽ?” አለችኝ። “አይደለሁም” አልኳት። ከሰዓት በኋላ ከማሽኑ በወዲያ በኩል አዲስ ልጅ አቁማ ታስተምራት ነበር። አንሶላ እንዴት እንደሚያዝ እኔው አሳየኋት፤ የትኛው ጠርዝ እንደሚያቃጥልም አሳየኋት።

የዲግሪዬ ቅጂ እዚህ ውስጥ አለ። መጋቢት 8 እገባለሁ። ካለፍኩ ምን እንደምል አላውቅም፤ ካላለፍኩም ምን እንደምል አላውቅም። አባባ፣ በጣም ፈርቻለሁ። እርስዎ ግን እየሣቁ ይጠብቁኝ።

ቆርኪ


መጋቢት 12፣ በር ላይ

ለቆርኪዬ፤

አራት ቀን በአንድ ጣሪያ ሥር ከርመን ደብዳቤ መጻፌ ያስቅሻል። አፌ ቀልድ እንጂ ሌላ ነገር ሲያወጣ ይደናቀፋል፤ አንቺም ዛሬ ጠዋት ሻይሽን ሳትጨርሺ ወጣሽ። ስለዚህ በአቋራጩ መንገድ ቀድሜሽ መጣሁ፤ ይህን ለዘበኛው እሰጠዋለሁ። ከውጭ ያለው ግንብ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ወደ ውስጥ አልገባሁም።

በረከቴ እስከ ዛሬ የሚሠራ ከሆነ ሁሉም ይድረስሽ፤ ለእኔ አንድም አይቅርልኝ።

ካንቺ ጋር ዘጠኝ ሰው ነው የሚፈተነው። ሲገቡ ቆጠርኳቸው። አንዱ ሕፃን ልጁን ለሚስቱ ሰጥቶ ነው የገባው። አንዷ ጫማዋ ይጮኻል፤ ስትራመድ ሁሉም ያያታል፣ እሷ ደግሞ መሬት መሬት ታያለች። ካንቺ በቀር ማንንም ላልወድ ነበር የመጣሁት፤ አልቻልኩም።

የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ለሐሙስ ተቀጥሯል። ዳይሬክተሩ “እንግዳ ነበርኩ ብለው ይጻፉ፣ ይመለስልዎታል” አለኝ። እኔ የጻፍኩት ይህን ነው፤ ገብቻለሁ፣ ሠርቻለሁ፣ ሳንቲም አልተከፈለኝም፣ የፈረምኩት በልማድ ነው። ምን እንደሚሉ አላውቅም። አያትሽ ባትነግርሽም ሰዓቱን ከግድግዳው አውርዳ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። የምር ልንሸጠው ይሆናል።

ሰሌዳውን በተመለከተ፣ ሁሉንም በሁለት ወረቀት ጻፍኩት። የትኛው ቆርኪ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ጠዋት እንደማይመደብ፣ የትኛው ፎቅ እንደማይወጣ። ለምን የሚለውን ግን አልጻፍኩም፤ እሱን የሚተካኝ ሰው ራሱ ሄዶ ይጠይቃቸው፣ ካመኑት ይነግሩታል። የታሪክ መምህርቷን አስፈቅጄአታለሁ። ወረቀቱን ላንቺ አልሰጠሁሽም፤ ለዳይሬክተሩ ነው የሰጠሁት። ያለፈው ሰው ይወስደዋል። የኮምፒውተር መምህሩ አንብቦት “ጋሼ፣ ይሄንን ማሽኑ ይችለዋል እኮ፤ ማን ነገረኝና ነው?” አለኝ።

ፖስታው ውስጥ አንድ ወይን ጠጅ ቆርኪ አለ። ለፈተናው አይጠቅምሽም። ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ነው፤ የቀሩት መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፣ ቁልፉም ከወረቀቱ ጋር ተቀምጧል። አንቺ ካላለፍሽ ያለፈው ሰው ቀለሙን ይወስዳል፤ እኔም አልቀየምም፤ ማለቴ፣ ከሐሙስ በኋላ አልቀየምም። ይህ አንዱ ግን የማንም መምህር አይደለም። ያንቺ ነው። ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠሽ የለየሽበት ደመወዝሽ ነው፤ ሃያ ዓመት ዘግይቷል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ዘበኛው መዝገቡን ዘርግቶ ይጠብቅሻል፤ ስለሚወድሽ ብዕሩንም ያቀብልሽ ይሆናል። አትፈርሚ። ዛሬ እንግዳ ነሽ። የተቀጠርሽ ዕለት ትፈርሚያለሽ፤ ያን ዕለትም ስምሽን ከማስፈርሽ በፊት ከላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቢ። በየቀኑም አንብቢ። እጅሽን ካልጠበቅሽው እንደ እኔ ብቻውን መሄድ ይለምዳል።

አሁን ከመንገዱ ማዶ ስትመጪ አየሁሽ። ቀኝ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ከትተሻል። አውጪው።

አያትሽ፣ ያለ ፊርማ